ኮምፒውተራችሁን ስታበሩ ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስን ማን ነው የሚያስነሳው?

ፒሲ ሲበራ ራሙ ባዶ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ዲስክ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ አንድ የሚቀሰቅሰው ያስፈልጋል።

1. ቀድሞ የሚሠራው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ፕሮግራም ነው። በድሮዎቹ ባዮስ፣ በአዲሶቹ ዩኢኤፍአይ ይባላል። ራሙንና ሌሎቹን ዕቃዎች አዘጋጅቶ ቡትሎደር ይፈልጋል።

2. ባዮስ ከዲስኩ መጀመሪያ ላይ 512 ባይት ብቻ አንብቦ እዚያ ያገኘውን ኮድ ያስነሳል። ዩኢኤፍአይ ግን ለዚሁ ከተለየች ትንሽ ፓርቲሽን ቡትሎደሩን እንደ ፋይል ይከፍተዋል።

3. ቡትሎደሩ (ሊኑክስ ላይ ብዙ ጊዜ ግረብ) ከርነሉን ወደ ራም ይጭናል፤ ዋናው ፓርቲሽን የትኛው እንደሆነ ይነግረውና ሥራውን ያስረክበዋል። ከዚያ በኋላ አዛዡ ከርነሉ ነው።

ይሄን ማወቅ ምን ይጠቅማል? «ኦፐሬቲንግ ሲስተም አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ቢመጣ ፋይላችሁ ጠፋ ማለት አይደለም። የተበላሸው ቡትሎደሩ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ለብቻው ይጠገናል። ስለዚህ «ፎርማት ይደረግ» ስትባሉ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሊኑክስን ከፍላሽ አስነስታችሁ ፋይሎቻችሁን ኮፒ አድርጉ። ዲስኩ በቢትሎከር ከተቆለፈ ግን የመክፈቻ ቁጥሩን መያዝ አለባችሁ።

ላፕቶፑን ፎርማት ሊያስደርግ ለተነሳ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።