ብሬስ (ለቆልማማ እግር የሚታሰር ጫማ)

ብሬስ በቆልማማ እግር የተወለደ ሕፃን እግሩ በጀሶ ከተቃና በኋላ መልሶ እንዳይጣመም የሚያጠልቀው የሕክምና ጫማ ነው። ሁለት ጫማዎች በአንድ ዘንግ ጫፍና ጫፍ ላይ ይገጠማሉ። የሕፃኑ እግሮች በትከሻው ስፋት ልክ ተራርቀው፣ ጣቶቻቸው ወደ ውጭ ዞረው ይቆያሉ። በሰውነት ላይ ከሚለበሱ የሕክምና መሣሪያዎች መካከል በዋጋው ከረከሱት፣ በውጤቱ ግን ከላቁት የሚመደብ ነው። ባትሪም ስክሪንም አያሻውም። የሚያሻው በልኩ የተሠራ ጫማ፣ የማይጎብጥ ዘንግና ለዓመታት የማይሰለች ቤተሰብ ነው።

ቆልማማ እግር ከ1,000 ሕፃናት በአንዱ ላይ ገደማ የሚታይ፣ ከውልደት ጋር የሚመጣ የእግር ጉድለት ነው። ተረከዙ ወደ ላይ ይሰቀላል፣ መርገጫው ወደ ውስጥ ይዞራል፣ የእግሩ ቅስት ይጠልቃል። ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ ይበዛል፤ ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉም ሁለቱም እግሮቻቸው የተጎዱ ናቸው። በአብዛኛው ሌላ ሕመም የሌለበት ጤነኛ ልጅ ላይ የሚገኝ ሲሆን በዘር የመተላለፍ ዝንባሌም አለው። እናት በእርግዝናዋ ወቅት ያደረገችው ወይም ያላደረገችው ነገር ያመጣው አይደለም። ይህን ደግሞ ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል፤ በየመንደሩ ልጁን በእርግማን፣ እናቱን በጥፋተኝነት የሚያይ ዓይን አሁንም አለና። ሳይታከም ያደገ ሰው በእግሩ ጎን፣ ሲብስም በእግሩ ጀርባ እየረገጠ ይሄዳል። ቆዳው ይጠጥራል፣ ይቆስላል፤ ልኩ የሚሆን ጫማም አያገኝም።

የሐኪሙ ታሪክ

ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ሕክምና የተሰየመው በዶክተር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 በስፔን ሜኖርካ ደሴት ተወለዱ። አባታቸው ሰዓት ሠሪ ነበሩ፤ እርሳቸውም በልጅነታቸው ከአባታቸው ጎን ተቀምጠው ሰዓት ሲጠግኑ አደጉ። የኋላ ሥራቸውን ላጠና ሰው ይህ ተራ የልጅነት ወሬ ሆኖ አይታለፍም። የሕፃን እግር ውስጥ ያሉት አጥንቶች እጅግ ጥቃቅን ናቸው፤ ሐኪሙ የሚያገኛቸው በዓይኑ ሳይሆን በጣቱ ነው።

ፖንሴቲ በባርሴሎና ሕክምና ተምረው ሲጨርሱ የ1936ቱ የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሊፈነዳ አፋፍ ላይ ነበር። በሪፐብሊካኑ ጦር ውስጥ በሐኪምነት ተሰልፈው የተሰባበረ አጥንት ሲያስሩ ከረሙ። በ1939 ወገናቸው ሲሸነፍ ቁስለኞችን በተራራ አሻግረው ወደ ፈረንሳይ ገቡ፤ ከዚያም በስደት ሜክሲኮ ደረሱ። በአንዲት ትንሽ ከተማ የቤተሰብ ሐኪም ሆነው ከሠሩ በኋላ በሜክሲኳዊው የአጥንት ሐኪም በሁዋን ፋሪል አጋዥነት በ1941 ወደ አሜሪካ አይዋ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ።

በአይዋ የተቀበሏቸው አለቃቸው አርተር ስታይንድለር ቀደም ባሉት ዓመታት የቆልማማ እግር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሕሙማን ውጤት እንዲመረምሩ አዘዟቸው። ያገኙት የሚያስደስት አልነበረም። በቢላዋ የተቃናው እግር ከዓመታት በኋላ ደርቆ፣ ደክሞና በሕመም ተይዞ ነበር። ፖንሴቲ ከዚያ በኋላ የሕፃናትን እግር አካላዊ አሠራር በጥልቀት አጠኑ፤ ጅማቶቹንም በማይክሮስኮፕ መረመሩ። የሕፃን ጅማት ቀስ ተብሎ ከተሳበ የሚለጠጥ መሆኑን ሲረዱ ቢላዋውን ትተው ወደ ጀሶና ወደ ጣት ተመለሱ። ውጤታቸውን በ1963 አሳተሙ፤ የሙያ አጋሮቻቸው ግን ለ30 ዓመታት ያህል ጆሮ አልሰጧቸውም። ያን ጊዜ ክብር የነበረው ለትልቅ ቀዶ ሕክምና ነበር። ነገሩ የተለወጠው በ1995 የቀድሞ ታካሚዎቻቸው ከ30 ዓመት በኋላ ያሉበት ሁኔታ በጥናት ሲታተም፣ በቀጣዩ ዓመት መጽሐፋቸው ሲወጣና የአሜሪካ ወላጆች በኢንተርኔት እርስ በርስ መነጋገር ሲጀምሩ ነው። ፖንሴቲ በ1984 ጡረታ ቢወጡም ተመልሰው እስከ ሕይወታቸው መጨረሻ አካባቢ ሕፃናትን ሲያክሙ ቆዩ። በ2009 በ95 ዓመታቸው አረፉ።

የጀሶው ሥራ

ብሬሱ ትርጉም የሚኖረው ከእርሱ በፊት የሚመጣው ጀሶ በትክክል ሲሠራ ነው። ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጀመራል። ሐኪሙ ወይም የሠለጠነው ባለሙያ በአንድ እጁ አውራ ጣት ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ለፊት በውጭ በኩል ጎልቶ የሚዳሰሰውን የታለስ አጥንት ራስ ደግፎ ይይዛል፤ በሌላው እጁ የእግሩን ፊት ቀስ አድርጎ ወደ ውጭ ያዞራል። ታለስ ምሰሶ ሆኖ ሲቆም የቀሩት አጥንቶች በዙሪያው ይዞራሉ። ከፖንሴቲ በፊት ስመ ጥር የነበሩት የአትላንታው ሐኪም ሂራም ካይት ግን የሚገፉት ከዚህ ነጥብ ወደ ፊት ራቅ ብሎ፣ የተረከዝ አጥንት ከፊተኛው አጥንት በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነበር። በዚያ ቦታ ላይ ያረፈ ጣት ተረከዙ እንዳይዞር ያግደዋል። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት በሕፃን እግር ላይ ከጣት ውፍረት አይበልጥም፤ የሕክምናው ዕድሜ ግን በካይት አያያዝ ወደ ሁለት ዓመት ሲጎተት በፖንሴቲ በሳምንታት ያልቃል።

ጀሶው ከጣት እስከ ብሽሽት ጉልበቱን አጥፎ ይደረጋል፤ በየ5 እስከ 7 ቀኑም ይለወጣል። አብዛኛው እግር ከ5 እስከ 8 ጀሶ ይበቃዋል። የመጀመሪያው ጀሶ ላላወቀ ሰው እግሩን የባሰ ያጣመመ ይመስላል፣ ምክንያቱም የጠለቀውን ቅስት ለማስተካከል የአውራ ጣቱ በኩል ወደ ላይ ይነሣል። ወላጅ በዚያ ሳምንት ደንግጦ እንዳይቀር አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። መጨረሻ ላይ ተረከዙ አልወርድ ካለ፣ ቦታውን ብቻ በማደንዘዝ የተረከዙ ጅማት በቀጭን ምላጭ ይቆረጥና የመጨረሻው ጀሶ ለ3 ሳምንት ይታሰራል። ጅማቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ ረዝሞ መልሶ ይገጥማል።

የእግሩን ጥመት በመጠን ለመግለጽ የሚያገለግለውን ነጥብ አሰጣጥ ያወጡት ዶክተር ሻፊክ ፒራኒ ናቸው። ስድስት ምልክቶች እያንዳንዳቸው 0፣ ግማሽ ወይም 1 ይሰጣቸዋል፤ 0 ጤነኛ እግር፣ 6 ደግሞ እጅግ የከፋው ነው። በየሳምንቱ ቁጥሩ ሲወርድ ባለሙያውም ወላጁም ለውጡን ያዩታል።

ጫማውና የሠሩት ሰዎች

ሁለት ጫማን በዘንግ የማገናኘት ሐሳብ ከፖንሴቲ በፊት የነበረ ነው። በአውስትራሊያ ተወልደው በለንደን የሠሩት የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ዴኒስ ብራውን በ1930ዎቹ እግርን በብረት ሳህን ላይ አስረው በዘንግ አገናኙ፤ ሕፃኑ ሲራገጥ እግሩ ራሱን እንዲያቃና ነበር ያሰቡት። ፖንሴቲ ዘንጉን ወሰዱና ሥራውን ለወጡት። ማቃናቱን ለጀሶ ተዉ፣ ዘንጉ የተቃናውን ጠብቆ እንዲያቆይ ብቻ አደረጉ። የታመመው እግር ከ60 እስከ 70 ዲግሪ፣ ጤነኛው ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ወደ ውጭ ዞሮ ይቀመጣል።

በኋላ የአይዋው ጆን ሚቼል ከፖንሴቲ ጋር ሆኖ ቆዳ የማይልጥ ለስላሳ ውስጥ ያለው ጫማ ሠራ። የፖንሴቲ ተማሪ የነበረው ዶክተር ማቲው ዶብስ ደግሞ ሕፃኑ አንዱን እግር ከሌላው ነጥሎ ማንቀሳቀስ እንዲችል መታጠፊያ ያለው ዘንግ አመጣ። ለአፍሪካ የበለጠ የሚጠቅመው ግን የሆላንዳዊው የአካል ድጋፍ ባለሙያ የሚኪል ስቲንቤክ ሥራ ነው። ካምፓላ በሚገኘው ካታሌምዋ ቼሻየር ማዕከል ከአካባቢ ቆዳ፣ ከጫማ ሶልና ከተበየደ ብረት የሚሠራ ብሬስ ነደፈ። ከተረከዙ በኩል ቀዳዳ አለው። እናት በቀዳዳው ስታይ ተረከዙ ወርዶ ታች ከነካ ጫማው በትክክል ገብቷል፤ ካልታያት ፈትታ እንደገና ታስረዋለች። ይህች ትንሽ ቀዳዳ ለእኔ የመሣሪያው ሁሉ ምርጥ ክፍል ናት፤ ፍርዱን ከባለሙያው እጅ አውጥታ ለእናት ትሰጣለች።

ብሬሱ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በቀን 23 ሰዓት ይታሰራል፤ የምትቀረው አንዷ ሰዓት ለገላ መታጠቢያ ናት። ከዚያ በኋላ ልጁ እስከ 4 ወይም 5 ዓመቱ ድረስ ሌሊትና በቀን እንቅልፍ ጊዜ ብቻ ያደርገዋል። ሕክምናው የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። እግሩ ቀጥ ብሏል፣ ልጁ ይሄዳል፣ ጎረቤቱ «ድኗል እኮ፣ ምን ታሰቃዩታላችሁ?» ይላል። ነገር ግን ጥመቱን ያመጣው ዝንባሌ በልጅነት ዓመታት ውስጥ አብሮ ይኖራል። የሕክምናው መመሪያ እንደሚለው ብሬሱን በአግባቡ በሚያስሩ ቤተሰቦች ዘንድ የሚመለሰው እግር 6 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በሚተዉት ዘንድ ከ80 በመቶ ይበልጣል። በውጭ አገር ተመራማሪዎች በጫማው ውስጥ መቁጠሪያ ሴንሰር ቀብረው ወላጆች አሰርነው የሚሉትን ሰዓት ከእውነተኛው ጋር ሲያነጻጽሩ እውነተኛው አንሶ ተገኝቷል። ሴንሰሩ ለጥናት ይጠቅማል። ለቤተሰቡ የሚጠቅመው ግን ልጁ ለምን እንደሚያለቅስና ጫማው የት እንደሚልጠው ቁጭ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው።

በኢትዮጵያና በድሬዳዋ

በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት በሚወለዱባት ኢትዮጵያ ከ1,000 አንዱ ሲሰላ በየዓመቱ ከ3,000 በላይ አዲስ ቆልማማ እግር ይጠበቃል። በአዲስ አበባ በ2008 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል የፖንሴቲን ሕክምና በአገሪቱ ካስፋፉት ዋነኛው ነው፤ ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተሠራው የአፍሪካ የቆልማማ እግር ሥልጠናም ተሳትፏል። ዛሬ ጀሶውን የሚያስሩት በአብዛኛው ፊዚዮቴራፒስቶችና ሌሎች የሠለጠኑ ባለሙያዎች ናቸው። የአጥንት ስፔሻሊስት ለጅማቱ ቆረጣና ለከበደው ሕሙም ይቆያል። ስፔሻሊስቱ ጥቂት በሆነበት አገር ይህ የሥራ ክፍፍል ሕክምናውን የሚቻል አድርጎታል። ወደ ሆስፒታል ከመምጣቱ በፊት ግን ብዙ ወላጅ ልጁን ወደ ወጌሻ ይዞ ይሄዳል። የወጌሻ እጅ ለወለምታ ቢመሰገንም በቀርከሃ ጠብቆ የታሰረ እግር ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ የደረሰበትን ጉዳት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ያውቁታል። ለአራስ እግር ይህ አደጋ እጥፍ ነው።

ድሬዳዋ ለምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል የሕክምና መናኸሪያ ናት። ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ከከተማዋ ሌላ ከሐረርጌና ከሶማሌ ክልል የሚመጡ ሕሙማን ይገባሉ። ከተማዋ የአካል ተሐድሶ አገልግሎትም አላት፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በመናገሻ ለፖሊዮ ሕፃናት የተጀመረው ቼሻየር የተባለው የአካል ጉዳተኞች መርጃ ድርጅት በድሬዳዋም ይሠራል። የስቲንቤክ ብሬስ የተወለደው በካምፓላው የቼሻየር ቤት መሆኑ ለከተማዋ ባለሙያዎች ቅርብ አርአያ ነው። ብሬሱ የሚጠይቀው ቆዳ መቁረጥ፣ መስፋት፣ ብረት ማጉበጥና መበየድ ነው። ባቡር በ1902 እ.ኤ.አ. ከደረሰባት ጀምሮ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ብዙ ትውልድ ብየዳና ቅርጽ ባስተማረባት ከተማ ይህን የሚችል እጅ አይጠፋም። የዲግሪውን ልክ የሚቆጣጠር የአካል ድጋፍ ባለሙያ ከጎኑ ሊቆም ግን ግድ ነው፤ ልኩ ቢሳሳት እግሩን የሚጠብቀው ነገር ይላላል።

ሁለት ነገሮች በድሬዳዋ ላይ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። አንዱ ሙቀቱ ነው። በሞቃቱ ወራት የቀኑ ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል፤ በጀሶና በጫማ ውስጥ የሚላብ የአራስ ቆዳ ቶሎ ይቀላል። ስስ የጥጥ ካልሲ ብዙ ጥንድ ማዘጋጀት፣ በላበ ቁጥር መለወጥ፣ ጫማውን ከማሰር በፊት እግሩን በደንብ ማድረቅ ያስፈልጋል። ቅባትና ፓውደር ግን አይመከርም፣ ቆዳውን ያለሰልሱታልና። ቆዳው ቀልቶ ሲታይ መፍትሔው ብሬሱን መተው አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ማሰሪያው ላልቶ እግሩ በውስጥ ስለሚንሸራተት ነው የሚልጠው፣ ስለዚህ መካከለኛውን ማሰሪያ ጠበቅ ማድረግ ይበጃል።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ በአንድ ሰፈር በሚነገሩባት ከተማ የብሬስ ምክር በአንድ ቋንቋ ብቻ ከተሰጠ ግማሹ ሰው ጋ አይደርስም። ምክሩም ለእናት ብቻ መሆን የለበትም። ቀን ልጁን የምትይዘው አያት ከሆነች የቀን እንቅልፉ ላይ ጫማውን የምታስረው እርሷ ናት። ልጁ እያደገ ሲሄድ ጫማው ይጠበዋል፤ በዚያ ጊዜ ቀጣዩን ቁጥር ከድሬዳዋ ሳይወጣ የሚያገኝ ቤተሰብ ማሰሩን ይቀጥላል። ለአንድ ጥንድ ጫማ ብሎ አዲስ አበባ ድረስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች እንዲጓዝ የሚገደድ የቀን ሠራተኛ ግን ጉዞውን ለሚቀጥለው ወር፣ ከዚያም ለሌላው ወር ያስተላልፈዋል።