በወንዝ ላይ የቆመው ግንብ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። በፈረንሳይ፣ ቱሬን በሚባለው አገር፣ ሼር የሚሉት ወንዝ ይወርዳል። ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ተሻግሮ የቆመ ነጭ ግንብ አለ፤ ስሙ ሼኖንሶ ነው። ለዚህ ያበቁት ሴቶች ናቸው።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1513 ቶማ ቦዬ የተባለ የንጉሥ ሹም ቦታውን ገዛ። እሱ ጦርነቱን ተከትሎ ኢጣሊያ ሲመላለስ፣ ግንበኞቹን ታዝዝ የነበረችው ሚስቱ ካትሪን ብሪሶኔ ናት። ሁለቱም ሲሞቱ ልጃቸው በአባቱ ዕዳ ተይዞ ግንቡን ለዘውዱ አስረከበ። በ1547 የነገሠው ዳግማዊ ሄንሪስ ለማን ሰጠው? ለንግሥቲቱ እንዳትሉኝ! ለዕቁባቱ ለዲያን ደ ፖቲዬ ነው። ዲያን አትክልት አስተከለች፤ በወንዙም ላይ ድልድይ አሠራች። ንግሥት ካትሪን ደ ሜዲቺ ይህን ሁሉ እያየች ዓመታት ቻለች።

በ1559 ንጉሡ በፈረስ ግጥሚያ ላይ በጦር ቆስሎ ሞተ። ያን ጊዜ ንግሥቲቱ ዲያንን ሾሞን የተባለውን ግንብ በለውጥ ሰጥታ ከሼኖንሶ አስወጣቻት። ድልድዩን ግን አላፈረሰችም፤ 60 ሜትር የሚረዝም አዳራሽ ሠራችበት። የጣውንቷ ሥራ የእሷን ሥራ ይኸው እስከ ዛሬ ተሸክሞ አለ! በአንደኛው የዓለም ጦርነት ያ አዳራሽ የቁስለኞች ሆስፒታል ሆነ። በሁለተኛው ደግሞ ወንዙ ጀርመኖች በያዙትና ባልያዙት አገር መካከል ድንበር ነበርና፣ በዋናው በር ገብተው በአዳራሹ ጫፍ በር ያመለጡ ነበሩ።

የቱሬን ግንቦች የተሠሩበት ነጭ ድንጋይ ለስላሳ ነው፤ ከኮረብቶቹ ሆድ ተቆርጦ ይወጣል። ድንጋዩ የወጣበት ጉድጓድስ? ዋሻ ሆኖ ቀረ፤ ክረምት ከበጋ ቀዝቀዝ ያለ፣ ለወይን ጠጅ የተመቸ። በቩቭሬ መንደር ከሸኒን ወይን የሚጠመቀው ነጭ ጠጅ የሚተኛው እዚያ ውስጥ ነው። መከሩ ፀሐይ ካገኘ ጣፋጭ ይሆናል፤ ብርድ ከቀደመው ኮምጠጥ ይልና አረፋ ያለው ጠጅ ይወጣዋል። ጣፋጩ አሥርት ዓመታት ቢቆይ ይሻሻላል እንጂ አይጎዳም። አብሮት የሚቀርበው ሴንት ሞር የሚሉት የፍየል አይብ ነው፤ አመድ የለበሰ፣ እንዳይሰበር መሀሉ ላይ የአጃ አገዳ የገባበት።

ቱሬን የምትሄዱ ከሆነ ግንቡን ሰው ሳይበዛ በጠዋት እዩት፤ ከሰዓቱን ለዋሻዎቹ አቆዩ፤ ደረቁን፣ ማለትም ጣፋጭ ያልሆነውን ቩቭሬ ከአይቡ ጋር፣ ጣፋጩን ግን ብቻውን ጠጡት።