የእርግዝና ማቅለሽለሽ፦ ቤት ውስጥ የሚረዳው፣ የማይረዳው እና ጤና ጣቢያ የሚያስሮጠው

ዛሬ የምናወራው በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት ስለሚመጣ ማቅለሽለሽ ነው። ርዕሱን አይታችሁ «ይሄማ የሴቶች ነው» ብላችሁ ልታልፉ ያሰባችሁ ወንዶች ትንሽ ቆዩ፤ ከታች እናንተን የሚመለከት ሥራ አለ።

መንዝ፣ ግሼ ወይም መርሐቤቴ ያደገ ሰው ይሄን ያውቃል። ብዙ ሴት እርግዝናዋን ቶሎ አትናገርም። ዓይን ይበላኛል ብላ፣ ወይም ቢወርድስ ብላ፣ ሆዷ እስኪገፋ ዝም ትላለች። ማስመለሱ የሚብሰው ደግሞ በትክክል በእነዚህ የዝምታ ሳምንታት ነው። ስለዚህ በዙሪያዋ ያለ ሰው የራሱን ስም ያወጣለታል፦ ጨጓራ ነው፣ ትል ነው፣ ምች ነው። ስሙ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ችግሩ እያንዳንዱ ስም የራሱን መድኃኒት ይዞ መምጣቱ ነው።

መቼ ይጀምራል፣ መቼ ይለቃል?

ከ10 ነፍሰ ጡሮች 7 ወይም 8 የሚሆኑት ያቅለሸልሻቸዋል። ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ሲቆጠር ብዙ ጊዜ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ይጀምራል፣ 9ኛው ሳምንት አካባቢ ይብሳል፣ ከ12ኛው እስከ 16ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ለአብዛኞቹ ይለቃል። ፈረንጆቹ «የጠዋት ሕመም» ይሉታል እንጂ ማታም ቀትርም ይመጣል።

ልጁን ይጎዳል ወይ? መጠነኛው አይጎዳም። እንዲያውም ጥናቶች የሚያቅለሸልሻቸው ሴቶች ፅንስ የመውረድ ዕድሉ አነስ ያለ መሆኑን አሳይተዋል። ይሄን አንብባችሁ ደግሞ «እኔን አላቅለሸለሸኝም» ብላችሁ እንዳትደነግጡ። ምንም ሳይሰማቸው ጤነኛ ልጅ የሚወልዱ ብዙ ናቸው።

መንስኤው ለረጅም ጊዜ ግልጽ አልነበረም። ሴትየዋን «ቀብጣ ነው»፣ «ልጁን ስላልፈለገችው ነው» የሚል ሐኪም ሁሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ግን ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ነገሩን ፈታ አደረገው። ጂዲኤፍ 15 የሚባል ሆርሞን አለ፤ በእርግዝና ጊዜ ፅንሱና የእንግዴ ልጁ በብዛት ያመርቱታል። ከእርግዝና በፊት በሰውነቷ ውስጥ ይህ ሆርሞን ዝቅተኛ የነበረ ሴት ድንገት ሲጥለቀለቅባት አንጎሏ አይችለውም፣ ታስመልሳለች። ከጥናቱ መሪዎች አንዷ ማርሌና ፌይዞ ራሷ በከባድ ማስመለስ የተሠቃየችና በዚያው ፅንሷን ያጣች ሴት ናት። ስለዚህ ቅብጠት የሚለውን ወሬ እዚህ ጋ እንዝጋው።

ገብሱ እያለ ብስኩት ፍለጋ አትሂዱ

ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ የሚመጣላችሁ ምክር «ከአልጋ ሳትነሺ ደረቅ ብስኩት ብዪ» የሚል ነው። ምክሩ ልክ ነው፤ ባዶ ሆድ ማቅለሽለሹን ያባብሳል። ብስኩቱ ግን ግዴታ አይደለም። መንዝ የገብስ አገር ነው። ማታ በትንሽ ዕቃ የገብስ ቆሎ ወይም ቁራጭ ደረቅ ዳቦ ራስጌ አስቀምጦ መተኛት፣ ጠዋት ሳይነሱ ትንሽ ቆርጠም አድርጎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጋደም ብሎ መቆየት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መነሳት። በቃ፣ ይሄው ነው።

ቀኑን ደግሞ ሦስት ጊዜ ጠግቦ ከመብላት በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ መቅመስ ይሻላል። ቅንጬ፣ ቀጠን ያለ በሶ፣ ድንች ብዙ ሴቶች ላይ ይረጋሉ። ቅባትና በርበሬ የበዛበት ወጥ ለጊዜው ይቅር። ውኃ ከምግብ ጋር በአንድ ላይ ሳይሆን በመሀል በመሀል፣ ጉንጭ ጉንጭ እያደረጉ ነው። አንድ ብርጭቆ በአንዴ ከተጨለጠ ተመልሶ ይወጣል። በልቶ ወዲያው መተኛትም አይመከርም።

አሁን ወደ ሽታው። ማቅለሽለሹን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች ዋናው ሽታ ነው፤ ደጋው ላይ ደግሞ እንጨት ስለሌለ የሚነደው ኩበት ነው። የኩበት ጭስ፣ የሚቆላ ቡና፣ የሚቁላላ ሽንኩርት፣ ፀጉር ላይ የተቀባ ቅቤ፣ ጥግ ላይ የታሰሩት በጎች… ይሄ ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። ከተማ ያለች ሴት መስኮት ከፍታ ትገላገላለች፤ እዚህ ግን እሳቱ ላይ የምትቀመጠው ራሷ ነፍሰ ጡሯ ናት። ወንዶች ቆዩ ያልናችሁ ለዚህ ነው። ለሁለት ወር ያህል እሳቱን ሌላ ሰው ያንድድ፣ ቡናውም ደጅ ይቆላ። ጭሱ ከማቅለሽለሹም አልፎ ፅንሱ ክብደቱ አነስ ብሎ እንዲወለድ ከሚያደርጉ ነገሮች አንዱ ስለሆነ ነገሩ ማስተዛዘኛ ብቻ አይደለም። ምግብ ደግሞ ቀዝቀዝ ሲል ሽታው ይቀንሳል፤ ትኩስ ወጥ ያላስጠጋት ሴት የቀዘቀዘውን ልትበላው ትችላለች።

መኪና የምትሳፈሩ ካላችሁ፦ በሙከጡሪ በለሚ አድርጎ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው የጀማ ቁልቁለት ጤነኛውንም ያስመልሳል። ከፊት መቀመጥ፣ ቆሎ መያዝ፣ ስልክ ላይ አለማፍጠጥ።

ዝንጅብል አዎ፤ ጤና አዳም፣ ፌጦ፣ ኮሶ አይ

ከባህላዊዎቹ በጥናት የተደገፈው ዝንጅብል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ማቅለሽለሽ ዝንጅብልን፣ ካሞሚልን፣ ቫይታሚን ቢ6ን እና አኩፓንክቸርን እንደየሴቷ ምርጫ አስቀምጧል። በጥናቶቹ በብዛት የተሞከረው መጠን በቀን 1 ግራም የደረቀ ዝንጅብል ነው፤ ለቀኑ ሙሉ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ገደማ፣ ተከፋፍሎ። እርጥቡን ቀጭን ቀጭን ቆርጦ በሻይ ማፍላትም ይሆናል። ጨጓራዋን የሚያቃጥላት ሴት ላይ ግን ሊያባብስ ስለሚችል ካቃጠለ መተው ነው። ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ሴት ደግሞ ሐኪሟን ሳትጠይቅ አትጀምር።

ጤና አዳም ማህፀንን ሊያነቃቃ ስለሚችል በእርግዝና ጊዜ ይቅር። ፌጦም እንደዚያው። ጦስኝ መቼም የጓሳ በረከት ነው፤ ሻይ ላይ ጣል የምትደረገው ቅጠል ብዙም አታሳስብም፣ አፍልቶ አወፍሮ እንደ መድኃኒት መጠጣቱ ግን ለነፍሰ ጡር ደኅንነቱ አልተረጋገጠም።

ከሁሉ የሚያስፈራን «ትል ነው» የሚለው ግምት ነው። ኮሶ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው፤ ሊያስወርድ ይችላል። ከፋርማሲ የሚገዛው አልቤንዳዞልና ሜቤንዳዞልም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አይሰጥም። የወር አበባዋ የዘገየ ሴት ማቅለሽለሽ ከጀመራት፣ ማንኛውም መድኃኒት አፏ ከመግባቱ በፊት መጀመሪያ የሽንት ምርመራ ታድርግ። ርካሽ ነው፣ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው።

ጠላና አረቄ «ሆድ ያስታግሣል» ሲባል እንሰማለን። ለፅንሱ አስጊ ያልሆነ የአልኮል መጠን አይታወቅም።

ጾም

ይሄ ስስ ጉዳይ ነው፣ ግን መዝለል አንችልም። ማቅለሽለሹን የሚያባብሰው የጾም ምግቡ አይደለም፤ ሽሮም ምስርም ችግር የለባቸውም። የሚያባብሰው እስከ ስድስት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መቆየቱ ነው። የምታስመልስ ሴት ሰዓቱን በተመለከተ የንስሐ አባቷን ታማክር። እርግዝናዋን ለሰው ሁሉ መንገር ያልፈለገች ሴት ለእሳቸው መናገር ትችላለች፤ በምስጢር የሚያዝ ነገር ነው።

መድኃኒት

ብዙ ሰው ነፍሰ ጡር መድኃኒት አትውሰድ የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ታሊዶማይድ የሚባል መድኃኒት በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ለማቅለሽለሽ ተብሎ በአውሮፓና በሌሎች አገሮች ተሸጦ፣ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወለዱ። በ1961 ከገበያ መውጣት ጀመረ። ያ ታሪክ ግን ሁሉንም መድኃኒት አይመለከትም። ቫይታሚን ቢ6 (ፓይሪዶክሲን) ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 25 ሚሊግራም፣ በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ ይታዘዛል፤ ለዓመታት የተፈተሸ ነው። ካልበቃ ዶክሲላሚን ይጨመርበታል። ብዙዎቻችን ፕላዚል በሚል ስም የምናውቀው ሜቶክሎፕራማይድም በሐኪም ትእዛዝ ለነፍሰ ጡር ይሰጣል። በሐኪም ትእዛዝ ነው ያልነው፤ የጎረቤት ተራፊ ኪኒን አይደለም።

የአይረን ኪኒን ያቅለሸለሻት ሴት ደግሞ ከምታቋርጠው ማታ ስትተኛ ብትወስደው ይሻላል። ያም ካልሆነ አዋላጇ ፎሊክ አሲዱን ብቻ ለጊዜው ልታስቀጥላት ትችላለች።

ይሄ ሲሆን መንገድ ጀምሩ

ከ100 ነፍሰ ጡሮች ከ3 ያልበለጡት ላይ ማስመለሱ ወደ ከባድ በሽታ ይለወጣል። ሃይፐርኤሜሲስ ግራቪዳረም ይባላል። የእንግሊዙ ልዑል ዊሊያም ባለቤት ኬት እ.ኤ.አ. በ2012 ሆስፒታል የገባችው በዚሁ ነው። እሷ የታከመችው ለንደን ነበር፤ ከግሼ ራቤል ወይም ከመንዝ ቀያ ገብርኤል ገጠር ጤና ጣቢያ ድረስ በእግር ወይም በቃሬዛ የምትሄድ ሴት ግን ሰዓቱን አስቀድማ ማስላት አለባት። «እስከ ነገ እንይ» የሚለው ነገር እዚህ ላይ ያስከፍላል።

አንድ ሙሉ ቀን ውኃ እንኳ ከሆዷ ካልረጋ፣ ስምንት ሰዓት ያህል ካልሸናች ወይም ሽንቷ እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ፣ ስትነሳ ካዞራት፣ ልብሷ እየሰፋት ከመጣ (ከክብደቷ ከመቶ 5 በላይ መቀነስ ማለት ነው)፣ ደም ካስመለሰች መሄድ አለባት። ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ከማህፀን ደም ካለም እንዲሁ። ትኩሳት የእርግዝና ማቅለሽለሽ ምልክት አይደለም። በተለይ ከመርሐቤቴ ቆላ፣ ከጀማ ሸለቆ ወገን የመጣች ሴት ወባ ትመርመር። ማስመለሱ ከ9ኛው ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጀመረም ሌላ በሽታ መፈለግ አለበት። መንገድ ላይ ኦ.አር.ኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጦ በማንኪያ በማንኪያ መስጠት ይረዳል።

ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ሲሆን መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ ሆስፒታል አለ፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን። ሰው «ግሉኮስ ይሰጣት» ብሎ ይጨቀጭቃል፤ ለብዙ ቀን ያልበላች ሴት ግን ከስኳር ውኃው በፊት ቫይታሚን ቢ1 ማግኘት አለባት፣ አለበለዚያ አንጎሏ ሊጎዳ ይችላል። ስንት ቀን እንዳልበላች ለባለሙያው በግልጽ ንገሩ። አልትራሳውንድም ይታያል፤ መንታ ወይም ጤነኛ ያልሆነ እርግዝና ማስመለሱን ሊያጠነክር ስለሚችል።

የመጀመሪያ ክትትል በ12 ሳምንት ውስጥ እንዲጀመር ነው የሚመከረው፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ደግሞ ነፃ ነው። በመጀመሪያው እርግዝና ክፉኛ ያስመለሰች ሴት በቀጣዩም የመደገም ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ልጅ ስታስብ አስቀድማ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወይም ለአዋላጇ ትንገር፤ ከመፀነስ አንድ ወር ገደማ በፊት የእርግዝና ቫይታሚን መጀመር፣ ቢ6ቱንም ማስመለሱ ሳይበረታ መያዝ ይቻላል።