ባለቆብ ጠመንጃና ሰብሳቢዎች የሚሹት ዊትዎርዝ

እንግሊዞች «ፐርከሽን» የሚሉትን የጠመንጃ ዓይነት በአማርኛ «ባለቆብ» ብንለው ይስማማዋል፤ ዋናውን ሥራ የምትሠራው አንዲት የመዳብ ቆብ ናትና። ከጣት ጥፍር ታንሳለች፤ በውስጧ ሲመቱት የሚፈነዳ የሜርኩሪ ውህድ አለ። ተኳሹ ባሩዱንና እርሳሱን በአፈሙዙ ያጎርስና ቆቧን ከበርሜሉ ኋላ ባለች፣ ቀዳዳ ባላት ጡት መሰል ጉጥ ላይ ይሰካል። ምላጩ ሲሳብ መዶሻው ቆቧን ይመታል፤ እሳቱም በቀዳዳዋ ገብቶ ባሩዱን ያቀጣጥላል።

ከዚያ በፊት የነበረው ባለባልጩት ጠመንጃ ዝናብ ሲመጣ እምቢ ይላል፤ ብልጭታውም ጥይቱን ቀድሞ የሚታደኑትን ወፎች ያባርራል። ይህ ያስመረረው አሌክሳንደር ፎርሳይት የተባለ አደን ወዳድ ስኮትላንዳዊ ቄስ በ1807 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በምት የሚፈነዳ ውህድ ለጠመንጃ የሚውልበትን ዘዴ በፈጠራ መብት አስመዘገበ። ቆቧ ራሷ ከእሱ በኋላ መጣች።

ከባለቆቦች ሁሉ ሰብሳቢ የሚያሳድደው የአልሞ ተኳሾቹ ዊትዎርዝ ነው። ሠሪው ጆሴፍ ዊትዎርዝ የብሎን ጥርስን ወጥ ልክ ያስያዘ የማንቸስተር መሐንዲስ ነበር። የበርሜሉን ውስጥ ክብ ማድረጉን ትቶ ባለ ስድስት ጎን አድርጎ ጠመዘዘው፤ ጥይቱንም በዚያው ቅርጽ ሠራው። በ1857 በተደረገው ፈተና በ730 ሜትር ርቀት የሠራዊቱ ኤንፊልድ ጥይቶች በአማካይ ከአንድ ሜትር በላይ ሲስቱ የዊትዎርዝ ስሕተት 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። በ1860 ንግሥት ቪክቶሪያ በዊምብልደን የተኩስ ውድድር የከፈተችው በዚሁ ጠመንጃ ነው፤ አስቀድሞ ተነጣጥሮ በማቆሚያ ላይ ታስሮ ስለነበር የእሷ ድርሻ ገመዱን መሳብ ብቻ ሆነ። ዒላማውን መታች።

የእንግሊዝ ጦር ግን አልተቀበለውም። ውድ ነበር፤ የባሩድ ጥላሸትም ጠባቡን በርሜል ቶሎ ይዘጋዋል። ለተራ እግረኛ እኔም አልመርጠውም ነበር። በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት የደቡብ ግዛቶች ጥቂቱን በሰሜኑ የባሕር ከበባ መካከል አሾልከው አስገቡና ለምርጥ ተኳሾቻቸው ሰጡ፤ አንዳንዱ በግራ ጎኑ መነጽር ነበረው። ግንቦት 9 ቀን 1864 በስፖትሲልቫኒያ የወደቀው የሰሜኑ ጄኔራል ጆን ሴድጊክ በዚህ ጠመንጃ እንደተመታ በሰፊው ይነገራል።

ከአፈሙዝ የሚጎርሰው ባለቆብ ዘመኑ አጭር ነበር። ተናቂው ኤንፊልድ ኋላው ተቆርጦ ከኋላ የሚጎርስ ሆነና በ1868 የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ታጥቆት መቅደላ ወጣ፤ እኛ «ሰናድር» የምንለው እሱ ነው።

ለሰብሳቢ የዊትዎርዝን ዋጋ ከፍ የሚያደርገው ጥቂትነቱ ነው፤ በተለይ የደቡብ ጦር እንደያዘው የሚያስረዳ ሰነድ ካለው። ሰነድ የሌለውን ታሪክ በገንዘብ አትግዙ። ያረጀውን የብረት መልክ በአሸዋ ወረቀት ማንጣትም ዋጋውን ይገድላል። ከሁሉ በፊት ግን ከአፈሙዝ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ስታገኙ የጎረሰ ነው ብላችሁ ያዙት፤ ባዶነቱን ባለሙያ ይመርምረው።