ዮንግ (የቻይንኛ ፊደል)

ዮንግ በቻይና ጽሕፈት «ረጅም» እና «ዘላለማዊ» የሚል ፍቺ ያለው ፊደል ነው። በማንዳሪን ቻይንኛ በሦስተኛው ድምፀት፣ ማለትም ዝቅ ብሎ በሚነሣ ቃና ይነበባል። የተሠራው ከአምስት ጭረቶች ብቻ ቢሆንም ስምንት መሠረታዊ የብሩሽ እንቅስቃሴዎችን ስለሚያካትት፣ በቻይና የቁም ጽሕፈት ትምህርት ከፍተኛ ቦታ ተሰጥቶታል። የግዕዝ ፊደል ድምፅን ብቻ ሲወክል፣ ዮንግ እንደ ሌሎቹ የቻይና ፊደላት ድምፅንም ፍቺንም አንድ ላይ ይይዛል። ስለዚህ ዮንግን መማር እጅን፣ ጆሮንና አእምሮን በአንድነት የሚያሠራ ነው።

አመጣጥ

የሃን ሥርወ መንግሥት ሊቅ ሹ ሸን እ.ኤ.አ. በ100 አካባቢ ባጠናቀቀው «ሽዎወን ጅየዝ» መዝገበ ቃላት፣ ፊደሉ ርዝመትን እንደሚያመለክትና ቅርጹም የወራጅ ውኃን ረጅም ጉዞ እንደሚያሳይ አስረድቷል። ይህ የርቀት ፍቺ በኋላ ወደ ጊዜ ርዝመት ተሸጋገረ። በ1716 የታተመው የካንግሺ መዝገበ ቃላትም ከ214 ምድቦቹ መካከል «ውኃ» በሚለው ሥር መድቦታል። በ1956 ቻይና ብዙ ፊደላትን ስታቀልል ዮንግ አልተነካም፤ ዛሬም በዋናው ቻይና፣ በታይዋንና በጃፓን የሚጻፈው በአንድ ዓይነት መልክ ነው።

የጭረቶች ቅደም ተከተል

መጀመሪያ ከላይ መሐል ላይ ነጥብ ይደረጋል። ሁለተኛው ጭረት ከግራ በአጭር አግድም መስመር ይነሣል፣ ሳይቋረጥ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ መጨረሻው ላይ ወደ ግራ ሽቅብ ይታጠፋል። ሦስተኛው በግራ በኩል በትንሹ ወደ ቀኝ ከፍ ብሎ ከሄደ በኋላ ወደ ታች ግራ ይጠረጋል። አራተኛው በቀኝ ከላይ ወደ መሐል የሚወርድ አጭር ሰያፍ ነው። አምስተኛው ከዚያው መሐል ወደ ታች ቀኝ ይወርዳል፤ ብሩሹ እየተጫነ ሲሄድ መስመሩ ይወፍራል፣ ጫፉ ላይ ሲነሣ ይሾላል።

ቅደም ተከተሉን ጠብቆ የሚጽፍ ሰው የፊደሉን ሚዛን በቀላሉ ያገኛል። «ውኃ» የሚለው ፊደል በአራት ጭረቶች የሚጻፍና ዮንግን በጣም የሚመስል ስለሆነ፣ ጀማሪ የላዩን ነጥብና አጭሩን አግድም ልብ ማለት አለበት።

ስምንቱ ሕጎች

የጥንት መምህራን አምስቱን ጭረቶች በስምንት እንቅስቃሴዎች ከፍለው «የዮንግ ስምንት ሕጎች» ብለው አስተምረዋል። ሁለተኛው ጭረት አግድም፣ ቁልቁልና መንጠቆ ተብሎ ሦስት ይሆናል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከፍ ማለትና ጠረግ ማድረግ ተብሎ ሁለት። ነጥቡ፣ አጭሩ ሰያፍና የመጨረሻው ጭረት ሲጨመሩ ስምንት ይሞላሉ። የእንቅስቃሴዎቹ ጥንታዊ ስሞች እጅ እንዴት መሥራት እንዳለበት ይናገራሉ፦ አግድሙ ልጓም እንደ መሳብ፣ ከፍ ማለቱ በአለንጋ እንደ መምታት፣ አጭሩ ሰያፍ ወፍ እንደምትለቅም ይሁን ይላሉ።

ሕጎቹን ትውፊት ከታላቁ የብሩሽ ጸሐፊ ከዋንግ ሺጅና ከዘሩ ከመነኩሴው ጅዮንግ ጋር ያያይዛቸዋል። ዋንግ ሺጅ በ353 በላንቲንግ የጻፈው ዝነኛ መቅድም የሚጀምረውም በዚሁ ፊደል ነው። የመጀመሪያው ቅጂ ጠፍቷል፤ ዛሬ የሚጠናው በታንግ ዘመን ከተቀዱት ነው።

አጠቃቀም

በዛሬው ንግግር ዮንግ ብቻውን እምብዛም አይመጣም፤ ከሌላ ፊደል ጋር ተጣምሮ ቃል ይሆናል። «ዮንግዩዋን» ለዘላለም፣ «ዮንግጅዩ» ቋሚ ማለት ነው። በሁለቱም ቃላት ሦስተኛው ድምፀት ሁለት ጊዜ ስለሚከታተል፣ ሲነገሩ የመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሚነሣው ድምፀት ይለወጣል። «ዮንግዩዋን» ከግሡ በፊት ይገባል፤ ስለዚህ ቻይንኛ ተናጋሪ «እኔ ለዘላለም እወድሃለሁ» ሲል ከባለቤቱ ቀጥሎ ይጠራዋል። በጽሑፍ ቋንቋ ከአሉታ ጋር «ዮንግ ቡ» ሲባል «በፍጹም አይደረግም» የሚል ጠንካራ ቃል ይሆናል። በቤይጂንግ ቲያንአንመን አደባባይ በቆመው የሕዝብ ጀግኖች ሐውልት ላይም በማኦ ዜዶንግ እጅ ጽሑፍ በተቀረጸው መወድስ ውስጥ ይገኛል።

ፊደሉ ለሌሎች ፊደላትም ድምፁን ያውሳል። በግራው የውኃ ምልክት ሲጨመርበት «መዋኘት»፣ የአፍ ምልክት ሲጨመርበት «በዜማ ማንበብ» ይሆናል፤ ሁለቱም «ዮንግ» ተብለው ይነበባሉ።

የመማሪያ ዘዴ

በቻይና ተማሪዎች በመስቀልና በሰያፍ መስመሮች በተከፋፈለ አራት ማዕዘን ወረቀት ላይ ይለማመዳሉ። መጀመሪያ በቀይ በታተመ ፊደል ላይ በቀለም ይደግማሉ፣ ቀጥሎ የታላላቅ ጸሐፊዎችን ሥራ እያዩ ይቀዳሉ፣ በመጨረሻም ሳያዩ ይጽፋሉ። ዩኔስኮ በ2009 በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው የቻይና የብሩሽ ጽሕፈት ጥበብም ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው በዚህ ዓይነት ልምምድ ነው። የውጭ አገር ተማሪም ቢሆን ዮንግን በባዶ ደጋግሞ ከመጻፍ ይልቅ፣ «ዮንግዩዋን» ብሎ በዓረፍተ ነገር ውስጥ እየጻፈና ድምፁን እያሰማ ቢማር፣ ጭረቱን፣ ድምፀቱንና ፍቺውን በአንድ ጊዜ ይይዛል።