የመሄጃና የመምጫ ሰዓት

ከቂሊንጦ ወደ አቃቂ የሚዘልቀው ሜዳ ዛሬ በፋብሪካና በመኖሪያ ቤት እየተሸፈነ ነው። በኢጣልያ ወረራ ዋዜማ ግን ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ አውሮፕላኖች የሚያርፉት በዚያው በአቃቂ ሜዳ ነበር። ከነጻነት በኋላ ማረፊያው ከፍ ወዳለው ወደ ልደታ ተዛወረ። የጄት ዘመን ሲመጣ ደግሞ የልደታው መንደርደሪያ ስላጠረ፣ ቦሌ ተሠራ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። በአየር መንገዳችን ታሪክ ይህን ያህል ዋጋ ያስከፈለ ሌላ ቁጥር መኖሩ ያጠራጥራል።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ መደበኛ በረራውን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ቀጥታ መስመሩ 2,470 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ ለሲ-47 አውሮፕላን የአሥመራው ዕረፍት ሳይታሰብ የዘጠኝ ሰዓት ጉዞ ማለት ነበር። ያን ጊዜ ርቀቱን ለፍጥነት ያካፈለ ሰው የመድረሻውን ሰዓት በግምት ያገኘው ነበር።

ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. አየር መንገዱ የገዛው ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። 12,082 ኪሎሜትር በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ በመብረሩ፣ ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ ጄቶች እስከዚያ ድረስ ያላደረጉትን አደረገ። በሁለቱ ከተሞች አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው ቀጥታ ርቀት 11,560 ኪሎሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ የቀረው አምስት መቶ ኪሎሜትር የመንገዱ ጥምዝ ነው። አማካይ ፍጥነቱም በሰዓት 910 ኪሎሜትር ገደማ ይሆናል።

ይህ ድል በሚገባ ይወሳል። በተቃራኒው አቅጣጫ ስለሚደረገው ጉዞ ግን እምብዛም አይነገርም። የዋሽንግተኑ ደላስ ማረፊያ ከባሕር ወለል 95 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ነው። በቦሌ አየሩ ከባሕር ወለሉ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሳሳ ማለት ክንፉ የሚደገፍበት፣ ሞተሩም የሚስበው አየር አነሰ ማለት ነው፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሣት የበለጠ ፍጥነትና የበለጠ መንደርደሪያ ይሻል። የቦሌ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ነው፤ ለውቅያኖስ ማዶ ጉዞ ነዳጁን ሞልቶ፣ መንገደኛና ጭነትም ሞልቶ ለሚነሣ አውሮፕላን ግን ይህም አይበቃም። ከሁለቱ አንዱ መቀነስ አለበት። የተቀነሰው ነዳጅ ነው፤ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ በረራዎች በየጊዜው በሮም፣ በደብሊን ወይም በሎሜ እያረፉ የሚሞሉትም ስለዚህ ነው። በዚህ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታው ነፋስ የመጪውን ጀርባ ሲገፋ የሄያጁን ፊት ይመታል። ውጤቱም፦ መምጫው አሥራ ሦስት ሰዓት፣ መሄጃው ወደ አሥራ ሰባት። በዋሽንግተን ያሉ ወገኖቻችንን ለመጠየቅ የተሳፈረ ሁሉ ልዩነቱን በጉልበቱ ያውቀዋል፤ ምክንያቱን የሚያውቀው ግን ጥቂቱ ነው።

የተሻሉ ሞተሮች ችግሩን አቅልለውታል፤ ነሐሴ 2004 ዓ.ም. የገባው ቦይንግ 787 ለዚህ ምስክር ነው። መሬቱን ዝቅ የሚያደርግ ሞተር ግን የለም። በቢሾፍቱ አቅራቢያ በአቡሴራ እንዲሠራ የተወሰነው አዲስ ማረፊያ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነው። ወደዚያ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከቂሊንጦ አጠገብ፣ ከቱሉ ዲምቱ ይጀምራል። ማረፊያው ሲጠናቀቅ ከዋሽንግተን ያለው ርቀት የሚለወጠው በጥቂት አሥር ኪሎሜትሮች ብቻ ነው። የሚለወጠው ከመንደርደሪያው ይዞት የሚነሣው ክብደት ነው።