የሕፃናት ሞግዚትነት ሙያና ማስመስከሪያው፦ ከደቡብ ጎንደር ታሪክ አንጻር

በጋይንት ምድር የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ መሆኗ የታወቀ ነው። ድጓን ለማስተማር የሚሻ ሊቅ በሌላ ጉባኤ ብዙ ዓመታት ቢያሳልፍም፣ ቤተልሔም ደርሶ እስካላስመሰከረ ድረስ የተሟላ መምህር ሆኖ አይቆጠርም። ዙር አምባም ለዝማሬና ለመዋሥዕት የዚሁ ዓይነት ሥልጣን አላት። ስለዚህ የመምህርነት ማረጋገጫ ከዘመናዊው ዲፕሎማ ጋር የመጣ ነገር ሳይሆን በደቡብ ጎንደር ደጋ ሥር ሰድዶ የኖረ ሥርዓት ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ጥብቅ ሥርዓት ለአራትና ለአምስት ዓመት ሕፃን ፊደል ከሚያስቆጥረው ሰው ምንም ዓይነት ማስመስከሪያ አልጠየቀም።

በቄስ ትምህርት ቤት የኔታ ንባብና ዳዊት የሚያውቁ መሆናቸው ብቻ ይበቃ ነበር። ረዳታቸውም ከልጆቹ መካከል ከፍ ያለው ሲሆን፣ እርሱ ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል። ከቤት ውስጥ ደግሞ የሕፃን ጥበቃው ሥራ በታላቂቱ ልጅ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። እናት ለአረም ወይም ለአጨዳ ስትወጣ፣ ሕፃኑን በአንቀልባ አዝላ የምትውለው የስምንት ወይም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ከትምህርት ገበታ የምትቀረውም እርሷው ናት።

የሙያው መጠሪያ ግን ቀላል ቃል አልነበረም። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ምዕተ ዓመት ለልጃቸው ለዳግማዊ ኢያሱ፣ ራስ ተሰማ ናደውም በ20ኛው መባቻ ለልጅ ኢያሱ ሞግዚት ተብለዋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ቃሉን የሕግ ኃላፊነት ላለበት ሰው ይጠቀምበታል። በከተማ ኑሮ ውስጥ ግን ሞግዚት ማለት ያለ ሥልጠና በአነስተኛ ደመወዝ የምትቀጠር ወጣት እስከ መሆን ወርዷል። ቃሉ ሲወርድ ሥራውም አብሮ ወርዷል ማለት ይቻላል።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቀበሌዎች ከተቋቋሙ በኋላ የቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት በየከተማው ተከፈቱ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ፣ መምህራን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ለሙያው ብቁ እንዲሆኑና የመዋዕለ ሕፃናት መምህራንም በአካባቢው ቋንቋ እንዲሠለጥኑ ደነገገ። ሆኖም መዋዕለ ሕፃናትን ማስፋፋቱ በአብዛኛው ለግል ባለሀብትና ለድርጅቶች በመተዉ፣ የገጠሩ ሕፃን ከዚህ ድንጋጌ ብዙ አልተጠቀመም። የትምህርት፣ የጤና ጥበቃና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በ2002 ዓ.ም. በጋራ ያወጡት ማዕቀፍ ይህን ጉድለት ለመሙላት የታሰበ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ የ«ዜሮ ክፍል» ተስፋፋ፤ ታላላቅ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን በጨዋታ የሚያዘጋጁበት ዘዴም ሥራ ላይ ዋለ። ዘዴው ዋጋ አለው። ነገር ግን የቄስ ትምህርት ቤቱን አስቀጻይና ባለአንቀልባዋን እኅት በአዲስ ስም መልሶ ማምጣቱ እንጂ የሠለጠነ ሰው መተካቱ አይደለም።

መንግሥት ቢያስብበት ሊያደርገው እንደሚችል የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር አሳይቷል። መርሐ ግብሩ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው፣ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው በደመወዝ ተመደቡ። ለሕፃናት ረዳት ሞግዚትም ከዚህ ያነሰ መሰናዶ ይበቃል የሚያሰኝ ምክንያት አይታይም። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ተራራ ሥር፣ ብርዱና የጎጆው ጭስ የሕፃናትን ሳንባ በሚጎዱበት አገር፣ ረዳቷ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለ ሕፃን በደቂቃ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲተነፍስ ወደ ጤና ኬላ መውሰድ እንዳለባት ማወቅ ይገባታል። ገብስና ድንች በሚበላበት ቤት የሕፃኑን ምግብ በምን እንደምታዳብር፣ እጅ መታጠብን እንዴት እንደምታስለምድ፣ ተረትና እንቆቅልሽን ለቋንቋ ማዳበሪያ እንዴት እንደምታውል መማር አለባት። ይህ ሁሉ በሁለት ሳምንት ገለጻ የሚያልቅ ሳይሆን በልምምድ የሚገኝ ዕውቀት ነው። የልምምዱም ፍጻሜ፣ እንደ ቤተልሔሙ፣ በሌላ ባለሙያ ፊት ሠርቶ ማሳየት ቢሆን ለአገሩ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲ የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ሁለት ዓመት እንዲሆን ወስኗል። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ከመምህሩ ጎን የምትቆመው ረዳት በማን ተመልምላ፣ የት ሠልጥና፣ በየትኛው የደመወዝ እርከን እንደምትቀጠር የሚወስነው የወረዳና የዞን ዕቅድ አውጪ ነው።